ከኮፐንሃገን የስልክ ቤት እስከ ከሚሴ ሜዳ፤ የአግነር ኤርላንግ ሕይወትና ሥራ

የመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል በሙያችን ስማቸው ከሚነሣ የቀድሞ ሰዎች ስለ አንዱ ሕይወት እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ብዙ ሳላመነታ የዴንማርካዊውን የሒሳብ ሊቅ የአግነር ክራሩፕ ኤርላንግን ስም መረጥሁ። ስሙ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የስልክ መስመርን ጭነት የምንለካው በእርሱ ስም ነው፤ ቀመሩንም በተማሪነታችን ዘመን ለፈተና ሸምድደነዋል። ሰውየውን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ቀመሩ ከየት እንደ መጣና በምን ሁኔታ ላይ እንደ ቆመ ያልጠየቀ መሐንዲስ ደግሞ፣ ቀመሩ በማይሠራበት ስፍራ ሲጠቀምበት ስሕተቱን የሚያውቀው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ይሆናል።

ይህን ሰው እንዳስታውስ ያደረገኝ የከሚሴ አካባቢ የምድር አቀማመጥ ነው። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በስተ ምዕራብ የወሎ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። ከደሴ አካባቢ የሚነሣው የቦርከና ወንዝ ደግሞ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግና ሜዳ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይፈስሳል። በበጋ ወራት ሣርና ውኃ ፍለጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደዚህ ሜዳ ይወርዳሉ። በክረምት ግን ሜዳው ሌላ ፊት አለው። በደጋው ላይ የወረደውን ዝናብ የሜዳው ሰው ሳያየው፣ ከበላዩም ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደራሽ ውኃ ሊመጣበት ይችላል።

ዛሬ በዚህ ዓይነት ስፍራ የዝናብን መጠንና የወንዝን ከፍታ የሚለኩ፣ የለኩትንም በሬዲዮ የሚያስተላልፉ ትንንሽ ሴንሰሮችን በየቁልቁለቱ መትከል ይቻላል። መሣሪያዎቹ በባትሪ ይሠራሉ፤ ዋጋቸውም ከዓመት ወደ ዓመት ቀንሶአል። ስለዚህ መሣሪያ መግዛቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ጥያቄ ከተላኩት 100 መልእክቶች ስንቱ ከሚሴ ይደርሳሉ፣ የሚደርሱትስ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው የሚለው ነው። የአገልግሎት ጥራት የምንለው ይህንኑ ነው። ይህን ጥያቄ ከግምትና ከምኞት አውጥቶ ወደ ቁጥር ያመጣው ደግሞ ኤርላንግ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤርላንግ የተወለደው ጥር 1 ቀን 1878 በዴንማርክ የዩትላንድ ልሳነ ምድር በምትገኘው በሎንቦርግ መንደር ነው። አባቱ ሐንስ ኒልሰን ኤርላንግ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርና የቤተ ክርስቲያኒቱ ጸሐፊ ነበሩ። እናቱ ማግዳሌና ክራሩፕ ካህናት ከበዙበት ቤተሰብ የመጡ ነበሩ። ልጁ አንድ ታላቅ ወንድምና ሁለት ታናናሽ እኅቶች ነበሩት። ማታ ማታ ወንድሙ መጽሐፍ ሲያነብ እርሱ በገበታው ማዶ ፊት ለፊት ተቀምጦ ፊደሉን ከላይ ወደ ታች ተገልብጦ ሳለ ያነብ እንደ ነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ። ከሁሉ ይልቅ ይማርከው የነበረው የከዋክብት ትምህርት ነበር።

የመጀመሪያ ትምህርቱን በአባቱ ትምህርት ቤት ከተከታተለ በኋላ፣ በ14 ዓመቱ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የመግቢያ ፈተና በከፍተኛ ውጤት አለፈ። ዕድሜው ከተፈቀደው በታች ስለ ነበረ ለፈተናው የተቀመጠው በልዩ ፈቃድ ነው። ከዚያም ወደ መንደሩ ተመልሶ ለሁለት ዓመት ያህል በአባቱ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆነ፤ በዚያው ጊዜ ፈረንሳይኛና ላቲን ተማረ። የቤተሰቡ ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ስለ ነበረ ዩኒቨርሲቲ የገባው በ1896 ባገኘው ነጻ የትምህርት ዕድል ነው። በ1901 ሒሳብን ዋና ትምህርቱ አድርጎ፣ የከዋክብት ትምህርትን፣ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን አዳብሎ በማስትሬት ዲግሪ ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ያህል በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። ዝምተኛና ትሑት ስለ ነበረ ከሰው ብዛት ርቆ መቆየትን ይመርጥ ነበር እንጂ ተማሪዎቹን የሚወድና ጥሩ መምህር ነበር። በ1904 ዩኒቨርሲቲው ለሽልማት ባቀረበው የሒሳብ ጥያቄ ላይ ተወዳድሮ ሥራው በምስጋና ተጠቅሶለታል። ሕይወቱን የለወጠው ግን እኛም እዚህ እንደምናደርገው የሙያ ማኅበር አባል መሆኑ ነው። በዴንማርክ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባዎች ላይ ዮሃን የንሰን ከተባለ ሰው ጋር ተዋወቀ። የንሰን በሙያው የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው ሒሳብ እየሠራ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የሒሳብ ሕግ ያገኘ ሰው ነው። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ፍሬድሪክ ዮሐንሰን ደግሞ፣ ደንበኞች ስለሚጠብቁበት ጊዜና ስለሚያዝ መስመር በሒሳብ መንገድ ለማሰብ ቀደም ብሎ የሞከረ ሰው ነበር። ሥራውን ሊፈጽምለት የሚችል ሊቅ ሲፈልግ የንሰን ወጣቱን መምህር አገናኘው። ኤርላንግ በ1908 በ30 ዓመቱ የኩባንያው ባልደረባ ሆነ።

በዚያን ዘመን የስልክ ጥሪ የሚገናኘው በሠራተኛ እጅ ነበር። ደንበኛው ይደውላል፤ በማዞሪያው ፊት የተቀመጠችው ሠራተኛ ገመዱን ሰክታ ታገናኘዋለች። ሠራተኛዋ ወይም መስመሩ ከተያዘ ደንበኛው ይጠብቃል ወይም ሳይሳካለት ይቀራል። የኩባንያው ችግር ግልጽ ነበር። መስመርና ሠራተኛ ቢበዛ ገንዘብ ይባክናል፤ ቢያንስ ደንበኛ ያማርራል። በዚህ መካከል ያለውን ልክ አስተዳዳሪዎች የሚወስኑት በልምድ ነበር።

ኤርላንግ በ1909 ባሳተመው የመጀመሪያ ጽሑፉ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች በየራሳቸው ጊዜ ሲደውሉ የጥሪዎቹ አመጣጥ ፈረንሳዊው ፑዋሶን ከእርሱ አስቀድሞ የደረሰበትን የዕድል ስሌት ሕግ እንደሚከተል አሳየ። አንዱ ሰው መቼ እንደሚደውል ማንም አያውቅም፤ የሺህ ሰዎች ጥሪ በአንድነት ሲታይ ግን ሥርዓት አለው። በ1917 ያወጣው ሁለተኛው ታላቅ ጽሑፉ ዛሬ በስሙ የሚታወቁትን ቀመሮች ይዞ ቀረበ። አንደኛው ቀመር መስመር በመታጣቱ የሚጠፋውን ጥሪ ያሰላል፤ ሌላው ወረፋ ጠብቆ የሚገናኘው ጥሪ ምን ያህል እንደሚቆይ ያሰላል። መጥፋትና መዘግየት ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች መሆናቸውን፣ እያንዳንዱም የራሱ መለኪያ እንደሚያስፈልገው ለሙያው ግልጽ ያደረገው በዚህ ነው።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ እንየው። በዚሁ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የምትገኘው ባቲ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ትልቅ ገበያዋ የታወቀች ናት። በማዞሪያው ዘመን በገበያው ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከከተማዋ ወደ ውጭ 40 ጥሪዎች ይቀርባሉ፣ እያንዳንዱም በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጃል ብለን ለስሌት ያህል እናስብ። ድምሩ 120 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ሁለት መስመሮች ያለ ዕረፍት ለአንድ ሰዓት የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ዛሬ 2 ኤርላንግ እንለዋለን። ነገሩን በጥድፊያ ያየ ሰው ሁለት መስመር ይበቃል ሊል ይችላል። የኤርላንግ ቀመር ግን በሁለት መስመር ከ100 ጥሪዎች 40 እንደሚጠፉ ይነግረናል። መስመሩ አራት ቢሆን የሚጠፉት ከ9 ወደ 10 የሚጠጉ፣ ስድስት ቢሆን ግን ከ1 ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ናቸው። ጥሪዎቹ በዘፈቀደ ስለሚመጡ አንዳንዴ ተከማችተው ይደርሳሉ፤ አንዳንዴም መስመሩ ሥራ ይፈታል። አማካዩን ብቻ ይዞ መወሰን ያሳሳታል ማለት ነው።

ቀመሩ ሌላም ቁም ነገር ያስተምራል። እያንዳንዳቸው 2 ኤርላንግ ጭነትና 5 መስመር ያላቸው ሁለት ከተሞች ለየብቻ ቢሠሩ ከ1,000 ጥሪዎች 37 ያህል ይጠፋባቸዋል። አሥሩን መስመር በጋራ ቢጠቀሙበት ግን የሚጠፋው 5 ያህል ብቻ ነው። አንድም መስመር ሳይጨመር አገልግሎቱ ሰባት እጥፍ ያህል ተሻሻለ። ገበሬዎቻችን ደቦ የሚወጡበትን ምክንያት ኤርላንግ በስልክ መስመር ላይ በቁጥር አገኘው ብንል አልተሳሳትንም።

ሊቁ በወረቀት ብቻ የሚኖር ሰው ግን አልነበረም፤ ለእኔም ከሁሉ የሚደንቀኝ የሕይወቱ ክፍል ይህ ነው። የኩባንያውን ቤተ ሙከራ ሲረከብ ረዳት አልነበረውም። በመሬት ውስጥ በተቀበሩት የስልክ ኬብሎች ሽፋን ላይ የሚባክነውን ኤሌክትሪክ ለመለካት ራሱ በየማንሆሉ ይወርድ ነበር። የኮፐንሃገን ሰዎች መሰላል የተሸከመ ሠራተኛ አስከትሎ ከመንገድ መንገድ ሲዘዋወር ያዩት ነበር። የሚጠቀምበት የመለኪያ መሣሪያ ጉድለት ሲያገኝበት የተሻለ መሣሪያ ሠራ፤ ሥሌቱን የሚያቀልሉ የሒሳብ ሠንጠረዦችም አዘጋጀ። ለኩባንያው ሃያ ዓመት ያህል ሲያገለግል በሕመም ምክንያት ከሥራው ቀርቶ አያውቅም ይባላል።

ሚስት አላገባም። ከእኅቱ ከኢንገቦርግ ጋር ይኖር ነበር፤ እርስዋም በአእምሮ ሕመም ለሚቸገሩ ሴቶች መጠለያ ያቋቋመች ሴት ነበረች። እርሱም በሃይማኖቱ የጸና፣ ለድኾች እጁ የተፈታ ሰው ነበር። ችግረኞች ከመሥሪያ ቤቱ ድረስ እየመጡ ሲለምኑት ማንም ሳያይበት ይሰጥ እንደ ነበር ይነገራል። የቀረ ገንዘቡን የሚያውለው በመጻሕፍት ላይ ነበር። በጥር ወር 1929 በሆድ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የካቲት 3 ቀንም በ51 ዓመቱ ዐረፈ።

ሥራው ግን ከአገሩ ድንበር በሕይወቱ ሳለ ተሻግሮ ነበር። የብሪታንያ ፖስታ ቤት ቀመሩን ተቀብሎ የማዞሪያዎቹን መጠን መወሰኛ አደረገው። በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረ አንድ ተመራማሪ የኤርላንግን ጽሑፎች በመጀመሪያ ቋንቋቸው ለማንበብ ሲል ዴንማርክኛ ተምሮአል። በ1946 በስዊስ አገር በሞንትሮ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስልክ ኮሚቴ የስልክ ጭነት መለኪያ በእርሱ ስም እንዲጠራ ወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላም የሕይወት ታሪኩና ሥራዎቹ በአንድ መጽሐፍ ታተሙ።

ከዚህ ወደ ከሚሴ ልመለስ። የኤርላንግ አሳብ ከሽቦ ወደ ሬዲዮ የተሻገረበት አንዱ ድልድይ፣ በ1971 ኖርማን አብራምሰን በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ላይ ያዋለው አሎሃ የተባለው መረብ ነው። በዚያ መረብ እያንዳንዱ ጣቢያ መልእክት በኖረው ጊዜ ፈቃድ ሳይጠይቅ ይልካል፤ ሁለት መልእክቶች በአየር ላይ ከተጋጩ ሁለቱም ይበላሻሉ። አብራምሰን ጭነቱን ያሰላው መልእክቶች እንደ ኤርላንግ ጥሪዎች በዘፈቀደ ይመጣሉ ብሎ ነው። ያገኘውም ውጤት አየሩ ቢበዛ ከጊዜው 18 በመቶ ያህሉን ብቻ ለተሳካ መልእክት ሊያውል እንደሚችል ነው። ዛሬ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ ብዙ ሴንሰሮች የሚላላኩት በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው።

እንግዲህ ከጨፋ ሜዳ በላይ ባለው ቁልቁለት 60 ሴንሰሮች ተከልን፣ ሁሉም በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ይልካሉ፣ እያንዳንዱም መልእክት አንድ ሴኮንድ ይፈጃል ብለን እናስብ። በደረቅ ቀን እያንዳንዱ ሴንሰር በ30 ደቂቃ አንድ ጊዜ ቢልክ ከ100 መልእክቶች 94 ያህሉ ሳይጋጩ ይደርሳሉ። መሐንዲሱም ሙከራውን በጥር ወር አድርጎ፣ መረቡ አስተማማኝ ነው ብሎ ሪፖርቱን ይፈርማል። ዝናብ ሲመጣ ግን ሴንሰሮቹ ነቅተው በየደቂቃው መላክ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የሚደርሰው ከ100 መልእክቶች 14 ያህል ብቻ ነው። የሜዳው ሰው መልእክቱን ከምንጊዜውም በላይ በሚፈልግበት ሰዓት መረቡ ድዳ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ይህ ስሌት ራሱ ሴንሰሮቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ከሚል መነሻ የተሠራ ነው። የኮፐንሃገን ደንበኛ ስልኩን የሚያነሣው በራሱ ጉዳይ ነበር። ስድሳዎቹን ሴንሰሮች የሚያናግራቸው ግን አንድ ደመና ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጮኹ የፑዋሶን ሕግ ይፈርሳል፤ እውነተኛው ጉዳት ከተሰላውም ይብሳል። ስለዚህ የኤርላንግን ቀመር እንዳለ ገልብጦ ከሚሴ ላይ መትከል ኤርላንግን ማክበር አይደለም። እርሱ ቀመሩን ያገኘው ሰዎች እንዴት እንደሚደውሉ አይቶና ለክቶ ነው፤ እኛም የምንለካው ውኃ እንዴት እንደሚመጣ ማየት ይገባናል።

መድኃኒቱ አይታጣም፤ ግን እያንዳንዱ ዋጋ አለው። ለእያንዳንዱ ሴንሰር የመላኪያ ተራ መመደብ ግጭትን ያስቀራል፤ ይሁንና ሰዓታቸው እኩል እንዲሄድ ባትሪ ይበላል፤ ተራው እስኪደርስም መልእክቱ ይዘገያል። የደረሰ መልእክት ደረሰ ተብሎ እንዲመለስለት ማድረግ መጥፋትን ይቀንሳል፤ በአየሩ ላይ ግን ተጨማሪ ጭነት ነው። በአንድ ሸለቆ ያሉ ሴንሰሮች ተመካክረው አንዱ ስለ ሁሉም እንዲናገር ማድረግም ይቻላል፤ ያ አንዱ ቢበላሽ ግን ሸለቆው ሁሉ ዝም ይላል። መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ለመቀበያው ቅርብ የሆኑት የሌሎቹን ሸክም ስለሚሸከሙ ባትሪያቸው አስቀድሞ ያልቃል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚቀድመው መልእክቱን በማዕርግ መለየት ነው። የዕለቱ የሙቀት መጠን ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ የሚጎዳው ሰው የለም፤ ወንዙ ከልኩ አለፈ የሚለው መልእክት ግን ሌላው ሁሉ መንገድ ሊለቅለት ይገባል።

ኤርላንግ ለሙያችን ካወረሰው ሁሉ ትልቁ ነገር፣ የሚጠፋ አገልግሎት የአጋጣሚ ጉዳይ አለመሆኑን ማሳየቱ ይመስለኛል። ከ100 ጥሪዎች ስንት እንዲጠፋ እንደምንፈቅድ አስቀድመን የምንወስነው እኛ ነን፤ ባንወስን እንኳ መሣሪያው በእኛ ፈንታ ይወስናል። በጨፋ ሜዳ ለሚኖር ሰው ማስጠንቀቂያ እናደርሳለን ስንል፣ ከ100 ማስጠንቀቂያዎች ስንቱ በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚደርሱ በቁጥር ጽፈን መስጠት ይገባናል። ያን ካላደረግን ሰውየው መሣሪያውን አምኖ ሰማዩን መመልከቱን ይተዋል፤ ከቀድሞውም የባሰ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት በዚህ አጋጣሚ የማቀርበው አሳብ አንድ ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ የምትሰማሩ ሁሉ፣ መሣሪያ ከመታዘዙ በፊት በሐምሌና በነሐሴ ወር ከስፍራው ተገኝታችሁ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ዛፉ ቅጠል ለብሶ፣ ባትሪውም ደመና በሞላበት ሰማይ ሥር የፀሐይ ኃይል አጥቶ ሳለ ለኩ። ኤርላንግ በ1917 የጻፈውን ቀመር ማንኛውም ተማሪ በአንድ ሰዓት ሊማረው ይችላል። መሰላል አስይዞ ወደ ማንሆሉ መውረዱን ግን እያንዳንዳችን በየስፍራችን ልንፈጽመው ይገባናል።